አምቡላንሱ ፈረስ ሲከተል

ሰኔ 23

የጋራዡን በር ከፈትኩት። ባዶ ነው።

ወለሉ ላይ የዘይት ጠብታ፣ ጥግ ላይ አሮጌ ጎማ። አምቡላንሱ የለም። ስልኩ ጆሮዬ ላይ ነው፤ የጭነት መኪና ሾፌሩ ይጮኻል። «ዶክተር! ትሰሚኛለሽ? ከድልድዩ ወዲህ፣ ኩርባው ላይ! ትንሽ መኪና ተገልብጣለች። አንዷ ሴትዮ ፊቷ ነጭ ሆኗል…»

እስከዚያች ደቂቃ ድረስ ተራ ቀን ነበር። ጠዋት ሳል፣ የጥርስ ሕመም፣ ፈረስ የረገጠው እግር። ከነርሷ ከሀንዳ ጋር ጨው የበዛበት የወተት ሻይ ጠጥተን፣ ለፈረስ ውድድሩ በዓል ምን እንደምንለብስ አውርተን… ከዚያ ይህ ባዶ ወለል።

ሾፌራችን ፑንሳግ ጋ ደወልኩ። አይሠራም። ደግሜ ደወልኩ። አይሠራም። ሀንዳ አጠገቤ ቆማ መሬት መሬቱን ታያለች።

«እትዬ ሀንዳ፣ መኪናው የት ነው?»

«ሸለቆው ውስጥ ሳይሆን አይቀርም። ዛሬ ፈረሶቹን ያስሮጧቸዋል።»

«የማንን ፈረሶች?»

«የወረዳ አስተዳዳሪውን ነዋ። አልነገሩሽም እንዴ?»

አልነገሩኝም። ሸለቆው ውስጥ ደግሞ ስልክ የሚባል ነገር የለም።

ቦርሳዬን አንስቼ መንገድ ላይ ወጣሁ። ሱፍ የጫነ መኪና ሲመጣ ፊቱ ቆምኩ። «ልትሞቺ ነው እንዴ፣ አንቺ ሴትዮ!» አለኝ የሚነዳው የሱፍ ነጋዴ። «እኔ አይደለሁም የምሞተው። ንዳ!» ሀንዳ ከኋላ፣ ጆንያዎቹ ላይ ወጣች። ቃሬዛ የለም። ኦክስጅን የለም። ሁሉም አምቡላንሱ ውስጥ ነው።

ከመኪናዋ ውስጥ ከነበሩት ሦስቱ ደህና ናቸው። የተሰበረ ክንድ፣ የተሰነጠቀ ግንባር፣ ልቅሶ። አራተኛዋ ዱልማ ነች። የፈረስ አሠልጣኙ የቺመድ ሚስት። ባለፈው ዓመት ልጇን ያከምኩላት። ለበዓሉ ዕቃ ልትገዛ ከተማ ሄዳ መመለሷ ነበር። ሆዷን ነካሁት… እንደ ጣውላ ደርቋል። ውስጥ ውስጡን እየደማች ነው። ምን እንደሆነ አውቃለሁ። ምን እንደሚያስፈልጋትም አውቃለሁ። ቢላ የያዘ ሐኪም፣ ደም፣ ፍጥነት።

መቀሱን ሳወጣ እጄን ያዘችኝ። አዲስ ሰማያዊ የሐር ዴል ነው የለበሰችው፣ እስከ ቁርጭምጭሚት የሚወርድ።

«አትቁረጪው ዶክተር… ለበዓሉ ነው። ገና አሁን መልበሴ ነው።»

ቆረጥኩት።

ሱፉ ላይ አስተኝተናት ወደ ክፍለ ሀገሩ ሆስፒታል ሄድን። ጭንቅላቷ ጉልበቴ ላይ። መኪናው በነጠረ ቁጥር ታቃስታለች። ከዚያ ማቃሰቱንም ተወችው። ተራራው አናት ላይ፣ የድንጋይ ክምሩ ጋ ስንደርስ ነጋዴው ጥሩምባ ነፋ። ማንም ሾፌር እዚያ ሳይነፋ አያልፍም። በድምፁ ዓይኗን ገለጠች።

«ደረስን?»

«ልንደርስ ነው» አልኳት።

ገና ግማሽ መንገድ ነበር።

ከዚያ በኋላ አልተናገረችም።

ሰኔ 24

አምቡላንሱ ተመልሷል። እስከ መስኮቱ በጭቃ ተለውሶ። በሩን ስከፍት የፈረስ ሽታ ፊቴን መታኝ። ቃሬዛው ላይ የኮመጠጠ የባዝራ ወተት ፈስሶ ደርቋል። የኦክስጅኑ ጠርሙስ አንገት ላይ ደግሞ… የፈረስ ላብ የሚጠርጉበት እንጨት ተንጠልጥሏል። ላቡ አብሮት።

ፑንሳግ ኮፍያውን እያሻሸ መጣ።

«ዶክተርዬ… እኔ ምን ላድርግ? ዶክተር ጋልሳን ሂድ አሉኝ፣ ሄድኩ። የሆስፒታሉ አለቃ እሳቸው ናቸው እንጂ እኔ ነኝ?»

«ማን ማን ነበራችሁ?»

«አስተዳዳሪው ሳምቡ። ከከተማ የመጡ ሁለት እንግዶች። እነሱ ናቸው ወተቱን የደፉት፣ በእናቴ እምላለሁ።»

«ሌላስ?»

ኮፍያውን ገልብጦ ውስጡን አየ።

«ጋሼ ፑንሳግ፣ ሌላስ?»

«ቺመድ። ከፊት ወንበር… የአስተዳዳሪው ዳማ ፈረስ ሲጋልብ አረጋገጡን ከኋላ ሆኖ ካላየ እንዴት ያሠለጥናል? የሱ መኪና ዝቅ ያለች ናት፣ ድንጋዩ ላይ ትቀራለች። አምቡላንሱ ነው ከፈረስ እኩል የሚሮጠው። 'በሱ እንሂድ' ብሎ የለመነው እሱ ነው። አስተዳዳሪው ደግሞ ለዳማው ሲሆን ምን ይከለክላል?»

ባልዲና ጨርቅ አመጣሁ።

ሚስቱ ሱፍ ላይ ስትሞት ባሏ የሷን አምቡላንስ ይዞ የፈረስ እግር እያየ ነበር። ቺመድ ይህን አስቦታል? ወይስ ገና አልደረሰበትም?

መኪናውን ራሴ አጠብኩት። ፑንሳግ ላግዝሽ አለ። እምቢ አልኩ።

ሰኔ 25

ዱልማን ዛሬ ቀበሯት። ሰው አልጠሩም ይባላል። ወይስ እኔን ብቻ ነው ያልጠሩኝ?

ሰኔ 26

ዶክተር ጋልሳን ቢሮ ተጠራሁ። ሳምቡም ነበር፤ መስኮቱ ጋ ቆሞ፣ ጀርባውን ሰጥቶን።

«ተቀመጪ ልጄ» አለ ጋልሳን። ልጄ ሲለኝ ሁልጊዜ የሆነ ነገር ሊወስድብኝ ነው።

«ከክፍለ ሀገር መርማሪ ይመጣል። ነገሩን አንድ ዓይነት አድርገን ብንናገረው ለሁላችንም ይሻላል። አምቡላንሱ የወጣው ፈረስ የሚጋልቡትን ሕፃናት ለመጠበቅ ነው። ደንቡም ያዛል።»

«ደንቡ የሚያዘው የውድድሩን ቀን ነው። ሰኞ ውድድር አልነበረም።»

«ልምምድም ያው ውድድር ነው።»

«እሺ። የኮመጠጠውን ወተት የጠጡት ሕፃናቱ ናቸው?»

የሳምቡ ትከሻ ነቅነቅ አለ። ሳቀ? ተናደደ? አላውቅም። ዞሮ አየኝ። ክፉ ፊት የለውም፤ ይህ ነው የሚያናድደኝ። አምና በረዶው ከብቱን ሲጨርስ የራሱን መኖ ያካፈለ ሰው ነው።

«ዶክተር፣ ሴትዮዋን ማንም አልገደላትም» አለ ለስለስ ብሎ። «መንገድ ነው። ዕድሏ ነው። አንቺም መኪናው እንደሚወጣ ታውቂ ነበር፣ ተስማምተሽ ነበር ብለሽ ብትፈርሚ ነገሩ እዚህ ያበቃል። የገጠር አገልግሎት ግዴታሽ ሊያልቅ ነው አይደል? መስከረም ላይ ከተማ ገብተሽ ትማሪያለሽ። የድንገተኛ ሕክምና። የወረዳው የድጋፍ ደብዳቤ ያስፈልግሻል። በደስታ እጽፍልሻለሁ።»

«ባልፈርምስ?»

ጋልሳን ነው የመለሰው። «ያን ቀን ተረኛዋ አንቺ ነበርሽ፣ ልጄ። መኪናው የት እንዳለ ማወቅ የማን ሥራ ነው ተብሎ ይጠየቃል።»

ገባኝ። ወይ ተስማምቼ ነበር፣ ወይ ተዝረክርኬ ነበር። ሦስተኛ የለም።

«ላስብበት» ብዬ ወጣሁ። ለምን «አልፈርምም» አላልኩም? ለምን?

የተማርኩት ለዚህ ነው። እናቴ ዓይኗ እስኪፈዝ ሰው ልብስ ላይ ቁልፍ የሰፋችው ለዚህ ነው። የድንገተኛ ሐኪም መሆን የተመኘሁት… ገና አንድም ሰው ሳላድን።

ሰኔ 28

እናቴ ደወለች። ማን እንደነገራት አላውቅም። ጋልሳን ሳይሆን አይቀርም።

«ኒንጂን፣ አንቺ ልጅ፣ ምን ነካሽ? እዚያ ሜዳ ላይ ፈረስ ጭንቅላትሽን ረገጠሽ?»

«እማ፣ ዋሺ እያሉኝ ነው።»

«ፈርሚ ነው ያሉሽ። መዋሸትና መፈረም ይለያያል። ስንት ሰው ይፈርማል!»

«ሴትየዋ ሞታለች እኮ።»

«አውቃለሁ፣ ነፍሷን ይማር። በመፈረምሽ አትነሳ፣ ባለመፈረምሽ አትነሳ። አንቺ ግን እዚያው ትቀሪያለሽ። የከብት ሐኪም አጥተው አንቺን በግ ሲያስወልዱሽ ታያለሽ።»

«አንቺ ብትሆኚስ? ያ ሱፍ ላይ አንቺ ብትሆኚስ እማ?»

ከስልኩ ጀርባ ሲሰማ የነበረው የስፌት መኪናዋ ቆመ።

«እኔ በትንሽ መኪና አልሄድም» አለች በመጨረሻ። «በአውቶቡስ ነው የምሄደው።»

ስቄ አለቀስኩ። እሷም ሰማችኝ መሰለኝ፣ ዘጋችው።

ሰኔ 30

ሱቅ ገባሁ። ሁለት ሴቶች ነበሩ። ስገባ ዝም አሉ። አንዷ ቶሎ ዝም ማለት አልቻለችም፤ የመጨረሻዋን ሰማኋት። «…ተኝታ ነበር አሉ። ቀስቅሰው ነው ያመጧት። ጭራሽ አዲስ ዴሏን ቆራርጣ…»

«አልተኛሁም» አልኩ። «ዴሉን ግን ቆርጫለሁ። ስኳር ስጪኝ።»

ባለሱቋ ስኳሩን ስትመዝን ቀና ብላ አላየችኝም። በወር በወር ልጇን ይዛልኝ የምትመጣ ሴት ናት።

ወጥቼ በሩን በኃይል ዘጋሁት። ቁጣ ነው። ፍርሃት አይደለም። ቁጣ ነው።

ሐምሌ 1

ቺመድ መጣ።

በር ላይ ቆመ፣ አልገባም። ጺሙን አልተላጨም። ያ ሁልጊዜ ስለ ፈረስ የሚለፈልፍ ሰው ድምፁ ጠፍቷል።

«ዴሏን ልወስድ ነው» አለ። «እዚህ ነው አሉኝ።»

አጥቤ አጣጥፌ አስቀምጬዋለሁ። ለምን እንዳጠብኩት አላውቅም፤ የሚጣል ልብስ ነበር። ሰጠሁት። ዘረጋው። ከደረት እስከ ታች የተቆረጠበትን በጣቱ ተከተለው።

«አንቺ ነሽ የቆረጥሽው?»

«እኔ ነኝ። አትቁረጪው ብላኝ ነበር።»

ፈገግ ሊል ሲል ፊቱ ተሰበረ። «ብላሻለች። ትላለቻ። ለልጅቷም ከዚሁ ጨርቅ ገዝታላት ነበር…»

ተቀመጠ። ሻይ ቀዳሁለት። አልነካውም።

«አምቡላንሱ ቢኖር ትተርፍ ነበር?»

ይህን ጥያቄ ስጠብቀው ነው የሰነበትኩት። ለራሴ ስንቴ መለስኩት?

«ምናልባት» አልኩ። «ኦክስጅን ይኖራት ነበር። ቶሎ እንደርስ ነበር። ምናልባት።»

«ምናልባት» አለ። ከዚያ እንደገና «ምናልባት።»

ሳልጠይቀው ነገረኝ። ለምኖ ያስወጣው እሱ ነው። ሳምቡ እንግዶቹን ይዞ በራሱ መኪና ኮረብታው ላይ ሆኖ ማየት ይበቃው ነበር። «እኔ ነኝ፣ በአምቡላንሱ ካልሆነ ዳማውን አላውቀውም ያልኩት። ያን ቀን እንዴት እንደሮጠ ብታይ… » አፉን በእጁ ያዘ። «እየሳቅን ነበር፣ ዶክተር። እሷ ስትሞት እየሳቅን ነበር።»

ሻዩን ወደ እሱ ገፋ አደረግኩለት።

«ፈርሜያለሁ» አለ። «ሕፃናቱን ለመጠበቅ ነው የወጣው ብዬ። አንቺም ታውቂ እንደነበር ብዬ። አንቺም ፈርሚልኝ። ለሳምቡ አይደለም። ልጄ አባቴ እዚያ መኪና ውስጥ ነበር ብላ እንዳታድግ።»

ውጭ አየሁ። ልጅቷ አጥሩ ጋ ፈረስ ይዛ ቆማለች። ዓይኗ የእናቷ ነው።

ከሳምቡ ሁሉ፣ ከጋልሳን ሁሉ፣ ያደቀቀኝ ይህ ነው። ለዚህች ልጅ ብዬ ብዋሽ ማን ይወቅሰኛል? ማንም። ሁሉም ይወደኛል። እናቴ ትወደኛለች። ባለሱቋ ቀና ብላ ታየኛለች…

«ጋሼ ቺመድ» አልኩት፣ «ማን መኪናው ውስጥ እንደነበር እኔ አላየሁም። ያላየሁትን አልጽፍም። ያየሁት ባዶ ጋራዥ ነው። እሱን እጽፋለሁ። አልተነገረኝም፣ እሱንም እጽፋለሁ። ለልጅህ የምትነግራት ያንተ ጉዳይ ነው። እኔን ግን ተኝታ ነበር እያሉ እናቷን የገደልኩ አድርገው እየነገሯት ነው የሚያሳድጓት። እሱስ ውሸት አይደለም?»

ተነሳ። ዴሉን ደረቱ ላይ አጥብቆ ያዘ።

«የምትጠዪኝ ይመስለኝ ነበር» አለ። «ብትጠዪኝ ይሻለኝ ነበር።»

ሄደ። ሻዩ ላይ ቅባቱ ረግቶ ቀረ።

ሐምሌ 2

ጻፍኩ። ለክፍለ ሀገሩ ጤና መምሪያ። አጭር ነው። ሳምቡን ክፉ ሰው ነው ብዬ አልተሳደብኩም፣ ዱልማን ደግ ሴት ነበረች ብዬ አላሞገስኩም። ጋራዡ ባዶ ነበር። ማንም አልጠየቀኝም። በሱፍ መኪና ሄድን። መንገድ ላይ ሞተች። ስሜን ሙሉ ጻፍኩ፣ ፈረምኩ። መፈረም ካስፈለገ ይኸው ፈረምኩ፣ እማ።

ከዚያ ፑንሳግ ጋ ሄድኩ። ጎማ እየነፋ ነበር።

«ቁልፉን።»

«የምን ቁልፍ?»

«የአምቡላንሱን። ሁለተኛው በብርዱ ወራት በረዶ ውስጥ ጠፍቶብሃል፣ አንድ ብቻ ነው ያለው። እሱን።»

«ዶክተርዬ፣ አለቃ ቢጠይቀኝ ምን ልበል?»

«እሷ ጋ ነው በል። ታማሚ ካለ እኔ እሰጥሃለሁ፣ አብረን እንሄዳለን። ታማሚ ከሌለ ይቆማል።»

ቁልፉን ሲሰጠኝ እጁ ቀለለው መሰለኝ። «እኔም እኮ ከዚያ ቀን ወዲህ…» ብሎ ጀምሮ ጎማውን መንፋት ቀጠለ።

በክር አስሬ አንገቴ ላይ አደረግኩት። ይቀዘቅዛል።

ሐምሌ 4

በዓሉ። ዛሬ አምቡላንሱ ፈረሶቹን መከተል አለበት፤ የዛሬውን ደንቡ ያዛል። ሕፃናቱ ሲጋልቡ ሊወድቁ ይችላሉ። ከፑንሳግ ጎን ተቀምጬ አቧራ ስቅም ዋልኩ። ማንም አልወደቀም።

ዳማው አንደኛ ወጣ። ሌላ አሠልጣኝ ነው የያዘው፤ ቺመድ ሐዘን ላይ ነው። ሕዝቡ ተንጋግቶ ላቡን እየነካ ግንባሩን ቀባ። ሳምቡ መካከል ላይ፣ ሜዳሊያ አንገቱ ላይ፣ ሰፊ ሳቅ። አየኝ።

«ዶክተር! ነይ እንጂ፣ አንቺም ንኪው! የአሸናፊ ላብ ዕድል ነው!»

ሁሉም ዞሮ አየኝ።

«ይኸንን ላብ ከኦክስጅኑ ጠርሙስ ላይ ጠርጌዋለሁ፣ ክቡር አስተዳዳሪ» አልኩ። «ዕድሌ ደርሶኛል።»

አንድ ሽማግሌ ጉሮሮውን ጠረገ። ሳቁ ከሳምቡ ፊት ላይ ቶሎ አልወረደም፤ ቀስ እያለ፣ ከአንድ ወገን ጀምሮ ወረደ።

ማታ ላይ ሳምቡ አንድ ሰው ላከብኝ። እንግዶቹ ወደ ከተማ ሊመለሱ ነው፣ መንገዱ ድንጋያማ ነው፣ አምቡላንሱ እስከ አስፋልቱ ያድርሳቸው። ቁልፉ እኔ ጋ እንደሆነ ነገርኩት። «ስጪኛ!» አለ። አልሰጥም አልኩ። «ኋላ ትጸጸቻለሽ» አለ።

ይሆናል።

ሐምሌ 6

የድጋፉ ነገር አለቀ። ጋልሳን ራሱ ነገረኝ፤ ልጄ አላለኝም። መስከረም ላይ ከተማ የለም። ሦስት ሰው መኪናው እንደሚወጣ ታውቂ ነበር ብሎ ፈርሟል፣ አንቺ ብቻሽን ነሽ አለ። መርማሪው መጥቶ አንድ ሰዓት እንኳ ሳይቆይ፣ ሥጋ በልቶ ሄደ። እኔን የጠየቀኝ በሩ ላይ ቆሞ ነው። «የጻፍሽውን አንብቤዋለሁ» አለ። ይኸው ነው።

ተኛሁ። ቀኑን ሙሉ ተኛሁ። አሁን ተኝታ ነበር ቢሉ እውነታቸውን ነው።

ሀንዳ ገብታ ግርጌዬ ተቀመጠች። «እኔ አልፈረምኩም» አለች። «ፈርሚ አላሉኝም እንጂ… ቢሉኝም አልፈርምም ነበር። እኔም ሱፉ ላይ ነበርኩ እኮ።»

«ለምን ለመርማሪው አልነገርሽውም?»

«አልጠየቀኝም።»

«እትዬ ሀንዳ! ሳይጠይቅሽ ንገሪው!»

ጫማዋን አየች። ከዚያ ስልኬን ከጠረጴዛው ላይ አንስታ ሰጠችኝ። «የመርማሪውን ቁጥር አውጪልኝ። መነጽሬን አልያዝኩም።»

ሐምሌ 9

የጋራዡን በር ከፈትኩት። መኪናው አለ።

ሞተር ሳይክል ነው። ከበዓሉ የሚመለስ ጎልማሳ፣ እዚያው ኩርባ ላይ። ጭኑ ተሰብሯል፣ ይደማል፣ ይሳደባል። ሲሳደብ ደስ አለኝ። ቃሬዛው ላይ አሰርነው። ኦክስጅን። ሱሪውን ቆረጥኩት፤ «እሱ እንኳ አሮጌ ነው፣ ቅደጂው» አለ።

ተራራው አናት ላይ ስንደርስ ፑንሳግ እጁን ጥሩምባው ላይ አድርጎ በመስታወቱ አየኝ። ሳይነፋ ሊያልፍ ነው። ስለ እኔ ብሎ።

«ንፋው» አልኩት።

ነፋው። ሰውየው «ደረስን?» አለ።

«አልደረስንም» አልኩት። «ብዙ ይቀረናል። ግን ትደርሳለህ።»

ደረሰ። አሁን ከቀዶ ሕክምና ወጥቷል አሉኝ። ከክፍለ ሀገሩ ሆስፒታል ደጅ፣ አምቡላንሱ ውስጥ ሆኜ ነው የምጽፈው፤ ፑንሳግ ከፊት ያንኮራፋል። መርማሪው ለሀንዳ መልሶ ደውሎላታል። ምን እንደሚመጣ አላውቅም። ላይመጣም ይችላል። ቺመድ ዛሬ መንገድ ላይ አይቶኝ ዞር አለ፤ ልጅቷ ግን አልዞረችም። ትኩር ብላ አየችኝ። አንድ ቀን መጥታ ትጠይቀኛለች። ያየሁትን እነግራታለሁ።

ድጋፉን ወስደዋል፣ ይውሰዱት። ከተማውን ወስደዋል። ስሜን ሱቁ ውስጥ ይዘውታል። ከእንግዲህ ግን ማንም «ዕድሏ ነው» ብሎ አይነግረኝም። ሰው በሱፍ ጆንያ ላይ እየሞተ አምቡላንስ ፈረስ አይከተልም፤ ያዘዘው አስተዳዳሪም ይሁን፣ የለመነው አሠልጣኝም ይሁን። ለሚሞት ሰው «ልንደርስ ነው» ብዬ አልዋሽም። በልጅ ስም ለምነው አፌን አያስዘጉኝም።

አንድ ጊዜ ባዶ ጋራዥ ከፍቻለሁ። ሁለተኛ አልከፍትም።